ከሕጉ በፊት ቆጣሪው፦ ስለ ኤሌክትሪክ ገበያ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የምሥራቅ አውሮፓና የካውካሰስ አገሮች የኤሌክትሪክ ዘርፋቸውን ከመንግሥት ዕቅድ ወደ ገበያ ሲያሻግሩ የውጭ አጋሮች ምን እንዳገዟቸው ጽፈን ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰን። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርገን፣ የረዘሙትን አሳጥረን እነሆ። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ «የተቋም ለተቋም ሽርክና» የምትሉት ነገር አልገባኝም። ኃላፊዎች አሜሪካ ደርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው ከመመለስ በቀር ለመብራት ተጠቃሚው ምን ያመጣለታል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ፎቶ ብቻ ሆኖ የቀረም አለ። አሠራሩ ግን እንዲህ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲ ገንዘቡን ይሰጣል፤ የአሜሪካ ኢነርጂ ማኅበር ደግሞ የአገሩን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በምሥራቅ አውሮፓና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ካሉ አቻዎቻቸው ጋር ያጣምራል። የአውሮፕላን ትኬቱንና ማደሪያውን ፕሮግራሙ ይችላል፤ የባለሙያዎቹን የሥራ ሰዓት ግን ኩባንያው ከራሱ ያወጣል። ከማማከር ሥራ የሚለየውም በዚህ ነው። አማካሪ ሪፖርቱን ጽፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አቻ ተቋም ግን እሱ ራሱ በየቀኑ የሚሠራበትን የብልሽት መመዝገቢያ ፎርም፣ የጥገና መመሪያና የቢል ናሙና ይዞ ይመጣል። ለተቆጣጣሪ ባለሥልጣናትም ተመሳሳይ ማጣመር ተደርጎላቸዋል፤ በ2000 የተቋቋመውና መቀመጫውን ቡዳፔስት ያደረገው የኢነርጂ ተቆጣጣሪዎች ክልላዊ ማኅበር የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከስብሰባ አዳራሹ ይልቅ ከኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። በዕቅድ ዘመን የመቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛ የሚታዘዘው «ፍሪኩዌንሲውን ጠብቅ፣ ዕቅዱን አሟላ» ተብሎ ነበር (ፍሪኩዌንሲ ማለት ተለዋዋጭ ከረንት በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው፤ በኸርዝ ይለካል)። አንዱ ተርባይን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ወጪ እንደሚጠይቅ ማወቅ የሱ ሥራ አልነበረም። በገበያ ሥርዓት ፊቱ የተቀመጠው ሰንጠረዥ ጣቢያዎቹን ከርካሹ ወደ ውዱ ደርድሮ ያሳየዋል፤ ውዱን ቀድሞ ያስነሣ ተረኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጣል። ይህ በሕግ ረቂቅ ተጽፎ የሚገባ ነገር አይደለም። ሥራውን ከሚሠራ ሰው አጠገብ አንድ ሳምንት መቀመጥ ይጠይቃል።

ሽርክና የሚበላሽበት መንገድም የታወቀ ነው። «ዘርፉን ማሻሻል» የሚል ሰፊ ርእስ ይያዛል፤ ተጓዡ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ ሠልጥኖ የመጣው በስድስት ወሩ ሌላ ቦታ ይመደባል። የእኛ ምክር አንድ ችግር ብቻ መምረጥ ነው፤ ለምሳሌ የትራንስፎርመር መቃጠልን ወይም ያልተከፈለ ቢልን። ከዚያ ከሒሳብ፣ ከቆጣሪና ከመቆጣጠሪያ ክፍል አምስት ስድስት ሰዎች ይመደቡና እነዚሁ ሰዎች ሁለት ዓመት ሳይቀየሩ ይቆዩ። የመጀመሪያው ጉዞም እንግዳው ወደ ታማሚው ተቋም የሚመጣበት ይሁን። የጎደለውን ሳያይ የሚያሳይዎት ሁሉ የራሱን ጌጥ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የማከፋፈያ መሥመር ቴክኒሻን ነኝ። ጽሑፋችሁ «ገበያ የሚጀምረው ከቆጣሪ ነው» ይላል። የሚሸጥ ነገር መለካት እንዳለበት ማን ያጣዋል? ግን በአገር ደረጃ እንዴት ተሠራ? አንድ ትራንስፎርመር ላይ ስንት እንደሚሰረቅስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ አርሜኒያን እንውሰድ። በዲሴምበር 1988 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የመጻሞር የኑክሌር ጣቢያ ተዘጋ። ከአዘርባጃን ጋር በተነሣው ጦርነት ደግሞ የነዳጅና የባቡር መሥመሩ ተቆረጠ። ከ1992 እስከ 1995 በነበሩት የብርድ ወራት ሰዉ መብራት የሚያገኘው በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። በኖቬምበር 1995 የጣቢያው ሁለተኛ ሪአክተር እንደገና ተነሣ። ኃይሉ ተመለሰ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ቆጣሪው በቤት ውስጥ ነው፣ አንባቢው በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ገንዘቡንም የሚሰበስበው እሱው ነው። ቡና ተጠጥቶ ንባቡ ግማሽ ይሆናል።

ከዚያ የተደረገው እንዲህ ነው። በ1997 ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በጃንዋሪ 1999 እንደ ፍጆታው መጠን ከፍ ይል የነበረው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ቀርቶ ለሁሉም በኪሎዋት ሰዓት 25 ድራም (የአገሩ ገንዘብ ነው) ሆነ። ክፍያ ከቆጣሪ አንባቢው እጅ ወጥቶ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ። በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ቆጣሪዎቹ ከቤት ወጥተው ደረጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ታሽገው ተሰቀሉ፤ በከፍተኛና በመካከለኛ መሥመሮች መገናኛ ላይም መቆጣጠሪያ ቆጣሪ ገባ። የማከፋፈያ ኩባንያው ለግል ባለሀብት የተሸጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2002 ነው፤ ያውም ሁለት ጨረታ ከከሸፈ በኋላ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተላከው ቢል ግማሽ ያህሉ ብቻ ይከፈልበት የነበረ አገር በአሥር ዓመት ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ወደ መሰብሰብ ተጠጋ።

ጎረቤቷ ጆርጂያ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። የዋና ከተማዋ የተብሊሲ ማከፋፈያ ኩባንያ 75 በመቶ ድርሻ በ1998 መጨረሻ በ25.5 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤኢኤስ ተሸጠ። ኩባንያው ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ጀመረ። ነገር ግን ከሱ በላይ ያለው የጅምላ ገበያ አልጠራም ነበር፤ ከታች የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ላይ ሲወጣ ለኃይል አመንጪው በትክክል አይደርስም። አመንጪው ካልተከፈለው ነዳጅ አይገዛም፤ ነዳጅ ከሌለ መብራት ይጠፋል፤ መብራት የጠፋበት ደንበኛ ደግሞ አልከፍልም ይላል። በ2003 ኤኢኤስ ድርሻውን ለሩሲያው የመንግሥት ኩባንያ ሸጦ ወጣ። ከተብሊሲ ውጭ ባሉ መንደሮች የተሞከረው ደግሞ ለየት ይላል። ለአንድ መንደር ወይም ለአንድ ሕንፃ አንድ የጋራ ቆጣሪ ይተከልና በጋራ ካልተከፈለ በጋራ ይቆረጣል። ገንዘብ ማስገባቱን አስገብቷል። የከፈለውን ከማይከፍለው ጋር አብሮ መቅጣቱ ግን ፍርድ አይደለም፤ እኛ እንደ ጊዜያዊ መሻገሪያ እንጂ እንደ አርአያ አናየውም።

ወደ ትራንስፎርመሩ እንመለስ። 86 ደንበኞች ያሉት ባለ 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ነው እንበል። በዝቅተኛ ቮልቴጅ መውጫው ላይ መቆጣጠሪያ ቆጣሪ ይገጠማል። በ30 ቀን ውስጥ 41,500 ኪሎዋት ሰዓት አሳለፈ። የ86ቱ ደንበኞች ንባብ ሲደመር 31,200 መጣ። ልዩነቱ 10,300፣ ማለትም 24.8 በመቶ ነው። ከዚህ ላይ ሽቦው በሙቀት የሚያባክነው ይቀነሳል። የመሥመሩን ርዝመትና የሽቦውን ውፍረት አይተው 7 በመቶ ቢገምቱ 2,905 ይሆናል። የቀረው 7,395 ኪሎዋት ሰዓት፣ 17.8 በመቶ፣ ወይ ስርቆት ነው ወይ የተሳሳተ ንባብ ነው።

«ወይ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛውን ሌባ ከማለትዎ በፊት የራስዎን መሥሪያ ቤት ስሕተት ያጥሩ። አንደኛ፣ የንባብ ቀን። ትራንስፎርመሩ ወሩ በገባ በ30 ተነቦ ደንበኞቹ ከ20 እስከ 30 ባሉት ቀናት ከተነበቡ ልዩነቱ የውሸት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይነበብ። ሁለተኛ፣ የከረንት ትራንስፎርመር (ትልቁን ከረንት ለቆጣሪው አሳንሶ የሚያቀብለው መሣሪያ) ማባዣ። በመሥመሩ ላይ ያለው 300 ለ 5 ከሆነ የቆጣሪው ንባብ በ60 ይባዛል። መዝጋቢው 200 ለ 5 ነው ብሎ በ40 ካባዛው ከእውነተኛው ፍጆታ ሲሶው ይጠፋል። ይህ ትልልቅ ደንበኛ ላይ ሲደርስ የአንድ ሰፈር ስርቆት ሁሉ አያህለውም። ሦስተኛ፣ የአንዱ ፌዝ (ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች የአንዱ) ከረንት ትራንስፎርመር ተገልብጦ ከተገጠመ፣ ጭነቱ በሦስቱም ፌዝ እኩል ነው ብንል፣ ቆጣሪው ከእውነተኛው ሲሶውን ብቻ ይቆጥራል። ጨርሶ ከተቋረጠ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን። ስለዚህ የምርመራው መነሻ ትልልቆቹ ናቸው፦ ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት፣ ሆቴል። አምፖል ብቻ የምታበራዋ ባልቴት ቤት መጨረሻ ይደረስ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ካርድ ቆጣሪ ስርቆትን ያጠፋል?

መልስ፦ አያጠፋም። የሚያጠፋው ያልተከፈለ ዕዳን ነው። ቆጣሪውን አልፎ ቀጥታ ከመሥመሩ የሚስብ ሰው ካርድ አይገዛም፤ በየወሩ በሩን የሚረግጥ አንባቢ ስለሌለም ከበፊቱ ይልቅ ይደበቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ለ60 ቀን ካርድ ያልሞሉ ደንበኞችን ዝርዝር በየሳምንቱ ማውጣትና ቤቱ ባዶ መሆኑን ሄዶ ማየት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ «ታሪፍ ወጪን ይሸፍን» ሲባል እንሰማለን። የየትኛው ወጪ ነው? መሥሪያ ቤቱ ላባከነውም እኛ ልንከፍል ነው?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄዎ የተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሥራ እምብርት ነው። የአንድ ምናባዊ ማከፋፈያ ኩባንያ ሒሳብ እንሥራ። በዓመት 500 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በ1.20 ብር ይገዛል፤ 600 ሚሊዮን ብር። ለሠራተኛና ለጥገና 180 ሚሊዮን፣ ለዕቃ እርጅና 70 ሚሊዮን ያወጣል። የንብረቱ ዋጋ 1,500 ሚሊዮን ሆኖ 8 በመቶ ትርፍ ቢፈቀድለት 120 ሚሊዮን ይጨመራል። ድምሩ 970 ሚሊዮን ነው። በመንገድ ላይ 15 በመቶ ስለሚባክን የሚሸጠው 425 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው 2.28 ብር ይሆናል ማለት ነው።

ተቆጣጣሪው ግን «ከ12 በመቶ በላይ ብክነት አልቀበልም» ሊል ይችላል። ያኔ ስሌቱ በ440 ሚሊዮን ይካፈልና ዋጋው ወደ 2.20 ይወርዳል። ልዩነቱን፣ 33 ሚሊዮን ብር ያህል፣ ኩባንያው ከትርፉ ይችላል። ብክነቱን እስኪቀንስ ድረስ በየዓመቱ ይቆነጥጠዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከቢሉ 90 በመቶውን ብቻ ቢሰበስብ ከሚያስፈልገው 127 ሚሊዮን ያህል ይጎድለዋል። የተፈቀደለት ትርፍ 120 ሚሊዮን እንደነበረ አይርሱ፤ ከነጭራሹ አለቀ። ቆጣሪና አሰባሰብ ሳይስተካከል ባለሀብት የማይመጣው፣ ቢመጣም የማይቆየው ለዚህ ነው።

ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የቆየ ዋጋ ሲለቀቅ ደግሞ ፖለቲካ ይሆናል። በቡልጋሪያ በፌብሩዋሪ 2013 በመብራት ቢል የተነሣው ሰልፍ የጠቅላይ ሚኒስትር ቦይኮ ቦሪሶቭን መንግሥት ሥልጣን አስለቅቋል። ከላይ ያመሰገንናት አርሜኒያም በጁን 2015 በኪሎዋት ሰዓት ሰባት ድራም ገደማ ሊጨመር ሲል የዋና ከተማዋ የየሬቫን ጎዳና በሰው ተሞልቷል። በእኛም አገር የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ2006 እስከ 2018 ድረስ 27 ሳንቲም ከምናምን ላይ ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ ኋላ በየደረጃው መጨመር ተጀመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ይጨምራል። በትንሽ በትንሹ መጨመሩ ትክክል ነው። ጭማሪውን ተከትሎ ብክነቱ ስንት እንደቀነሰም አብሮ ቢነገር ግን ደንበኛው የሚከፍልበትን ባወቀ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ)፦ ዩክሬን በጦርነት መካከል የኃይል መረቧን ከሩሲያ አላቅቃ ከአውሮፓ ጋር አገናኘች ይባላል። ይህ በአንድ ሌሊት ይሆናል? ከገበያስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ቁልፉን መጫን የደቂቃ ሥራ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ዓመታት ፈጅቷል። የአውሮፓ የማስተላለፊያ መሥመር አስተዳዳሪዎች ማኅበር፣ ኤንትሶ-ኢ፣ ከዩክሬንና ከሞልዶቫ ጋር የመገናኛ ሁኔታዎቹን ዝርዝር የተፈራረመው በጁን 2017 ነው። ከሁኔታዎቹ ከባዱ ለብቻ ተነጥሎ መቆም ነበር፦ ከየትኛውም ጎረቤት ሳይገናኙ፣ አንዴ በብርድ አንዴ በሙቀት ወራት፣ 50 ኸርዝን ጠብቆ መዋል ማደር። ዩክሬንና ሞልዶቫ የመጀመሪያውን ሙከራ ለሦስት ቀን ብለው ከሩሲያና ከቤላሩስ መረብ የተነጠሉት በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ከንጋቱ በፊት ነበር። ጦርነቱ የጀመረው በዚያው ጠዋት ነው። ተመልሰው አልገቡም። ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ቆዩና ማርች 16 ቀን ከአህጉራዊ አውሮፓ መረብ ጋር ተገናኙ።

ቴክኒኩን ስለጠየቁ፦ ብሬከሩ (መሥመሩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ሁለቱን ወገን ከማገናኘቱ በፊት የፌዝ ቅደም ተከተላቸው፣ ቮልቴጃቸው፣ ፍሪኩዌንሲያቸውና የማዕዘን ልዩነታቸው ይታያል። በጄነሬተር ላይ ሲሆን በተለምዶ የሚፈቀደው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት ከ0.1 ኸርዝ በታች፣ የማዕዘኑም ከ10 ዲግሪ በታች ነው። የሁለቱን ወገን የማዕዘን ልዩነት እንደ ሰዓት መርፌ የሚያሳየው የሲንክሮስኮፑ መርፌ ቀስ ብላ ስትዞር፣ 12 ላይ ልትደርስ (ልዩነቱ ሊጠፋ) ጥቂት ሲቀራት ትእዛዙ ይሰጣል፤ ብሬከሩ ራሱ ለመግጠም ሚሊሰከንዶች ስለሚወስድበት። መርፌዋ 6 ላይ ሳለች የተገናኘ እንደሆነ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል፤ የተርባይኑ ዘንግ እስከመጣመም ይደርሳል። ሁለት ትልልቅ መረቦች ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ችግር ከተገናኙ በኋላ ይመጣል። ኃይል በመሥመሩ ላይ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ይህን የሚያበርዱት የጄነሬተሮቹ ማረጋጊያ መሣሪያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ተለክተው ካልተስተካከሉ አንድ አገር የጀመረው መወዛወዝ ከሌላው ዳር ይሰማል። በመጠባበቂያ የተያዘው ኃይልም የመጀመሪያው በ30 ሰከንድ፣ ቀጣዩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ መግባት አለበት። ኤንትሶ-ኢ ጥናት የሚያበዛው ለቢሮክራሲ ፍቅር ብቻ አይደለም።

ንግዱ ወዲያው አልተከፈተም። ከመገናኘቱ ሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ በጁን 30 ቀን 2022፣ ከሮማንያ ጋር በ100 ሜጋዋት ጣሪያ ተጀመረ። ኤስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደዋል። ከ2010 እስከ 2013 ባለው ጊዜ አንድ በአንድ የሰሜን አውሮፓ የኃይል ገበያ የሆነውን ኖርድ ፑል ተቀላቀሉ፤ ዋጋቸው በኦስሎ ገበያ እየተወሰነ ፍሪኩዌንሲያቸውን ግን ሞስኮ ትቆጣጠረው ነበር። ይህ እንዲሆን ያስቻሉት በባሕር ሥር የተዘረጉት የቀጥተኛ ከረንት ኬብሎች ናቸው፤ ቀጥተኛ ከረንት ፍሪኩዌንሲ ማመሳሰል አይጠይቅም። ከሩሲያ መረብ የተላቀቁት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 ነው፤ ለብቻቸው አንድ ቀን ከምናምን ቆይተው በማግስቱ በፖላንድና በሊትዌኒያ መካከል ባለው መሥመር ከአውሮፓ ጋር ተገናኙ። ከ1.2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ፈሶበታል። በኃይል መረቡ ላይ ፍሪኩዌንሲው በድንገት እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የሚሽከረከር ክብደት እንዳይጎድል ኃይል የማያመነጩ፣ ብቻ የሚዞሩ ከባድ ማሽኖች ተተክለዋል።

ለተማሪ የሚጠቅም ንጽጽር በቤትዎ አለ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር የ500 ኪሎቮልት መሥመር ቀጥተኛ ከረንት ነው፤ ኬንያ ላይ መረቡ ቢናጋ መናጋቱ በመሥመሩ ተሻግሮ አይመጣም። ከጂቡቲና ከሱዳን ጋር ያሉት መሥመሮች ግን ተለዋዋጭ ከረንት ናቸው፤ አብረን እንወዛወዛለን።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አገር ቤት በፀሐይ ኃይል ላይ ገንዘብ ማዋል የምንፈልግ ጓደኛሞች ነን። የኃይል ግዢ ስምምነት ከመፈረማችን በፊት ምኑን እንይ?

መልስ፦ ከሌሎች ስሕተት ይጀምሩ። ፖላንድና ሃንጋሪ በ1990ዎቹ አሮጌ ጣቢያዎቻቸውን ለማደስ ባንክ ብድር እንዲሰጥ ሲሉ የመንግሥት ገዢ ድርጅታቸውን በረጅም ዘመን ውል አሰሩት። ኋላ ገበያው ሲከፈት ውሉ ለውድድር የሚሆን ቦታ አልተወም። የአውሮፓ ኮሚሽን የፖላንዱን በ2007፣ የሃንጋሪውን በ2008 «ሕገ ወጥ የመንግሥት ድጎማ» ብሎ እንዲቋረጥ ወሰነ። ለባለሀብቱ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ገበያ ቢከፈት ወይም ሕግ ቢለወጥ ማን ምን ይከፍላል የሚለው አንቀጽ ከዋጋው በፊት ይነበብ። ቀጥሎ ገዢው ባይወስድም የሚከፍለው መጠን፣ ውሉ ሲቋረጥ የሚሰላው ካሣና የዋስትናው ሰጪ ማንነት ይታይ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቁ አንቀጽ የምንዛሪው ነው። በዶላር 5 ሳንቲም የተዋዋሉበት አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ዶላሩ 57 ብር ሳለ 2.85 ብር ነበር፤ 125 ብር ሲሆን 6.25 ነው። ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ገዢው የመንግሥት ድርጅት ነው። ሲጨንቀው የሚያዘገየው ደግሞ የእናንተን ክፍያ ነው። ስለዚህ «በዶላር ተጽፏል» የሚለው ብቻ አያስተማምን፤ ዶላሩ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። ለኬንያ በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም በ2022 መሸጥ የጀመረው 200 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሄድ ወደ 114 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል፤ ዶላር የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ሽያጭ ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ታዲያ ገበያ ገባን ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ መክፈል ለብቻው ገበያ አይሆንም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማከፋፈሉንና መሸጡን ይዘዋል። የማስተላለፊያ መሥመሩ አሁንም ከአመንጪው እጅ ነው። ነገ የግል አመንጪ ሲመጣ መንገዱን የሚፈቅድለት ተፎካካሪው ይሆናል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ሕግ ሳይሆን ሁለቱ የሚረካከቡበት ማከፋፈያ ጣቢያ ሁሉ ላይ ሁለቱም የሚያምኑት ቆጣሪ፣ በየወሩ የሚላክ ደረሰኝና በገንዘብ የሚዘጋ ሒሳብ ነው።

ይህ ካልሆነ የዩክሬን ዕጣ ይመጣል። ከ1996 ጀምሮ ኃይል ሁሉ በአንድ የጅምላ ገዢ በኩል ያልፍ ነበር፤ ከታች ያልተከፈለው ዕዳ እዚያ ይከማቻል፣ ማን ለማን ስንት እንዳለበት ይጠፋል። አዲሱ የገበያ ሕግ በ2017 ወጥቶ በጁላይ 1 ቀን 2019 ሥራ ሲጀምርም አሮጌው ዕዳ አብሮ ተሻገረ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ዩኤስኤአይዲ ተዘግቷል። በሱ የተጀመሩ ሥራዎች ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ ፓወር አፍሪካ የተባለው ፕሮግራምም አብሮ በ2025 ቆሟል። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ የተቋማት ማጣመሪያ አለው፤ የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክም በብድር ይሠራሉ፤ ብድር ግን ይመለሳል። አጋር ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞተው ሦስት ነገር ነው፦ በአጋሩ ስም የተገዛ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ከርቀት ቆጣሪ የሚያነቡ ሲም ካርዶች ወርኃዊ ክፍያና የቆጣሪ መፈተሻ ማሽኑ የልኬት ምስክር ወረቀት። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ ካሉ ዛሬውኑ የሥርዓቱን ዋና የይለፍ ቃል፣ የፈቃዱን ማብቂያ ቀንና የመፈተሻ ማሽኑ የመጨረሻ ልኬት የተደረገበትን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ።